የባዝራዋ ጉዲፈቻ

እናቴ ባዝራዋን የፈለገቻት ውሃ ልታስጭናት ነው። ይህን ከመነሻው መናገር ይሻላል፤ ኋላ ላይ ብዙ ሰው ነገሩን የፍቅር ታሪክ አስመስሎ ሲያወራው ሰምቻለሁ። ፍቅር አልነበረም። ምንጩ ከቤቷ በታች ገደሉ ጥግ ነው፤ መውረዱ ቀላል ቢሆንም መውጫው ጉልበት የሚያርድ ዳገት ነው። አባቴ ከሞተና አህያዋን ጅብ ከበላት ወዲህ እናቴ ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ነበር የምትወጣው። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የምችለውን ያህል እቀዳላታለሁ፤ ከዚያ ወገቤን ይዤ እመለሳለሁ። ከእኔ ጋር ከተማ ኑሪ ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«የከተማ ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ይላል።»

በዚያ ሰሞን መሐል ሜዳ ውስጥ ባጃጅ በዛ። ባጃጅ ሲበዛ ጋሪ ሥራ ፈታ፤ ጋሪ ሥራ ሲፈታ ፈረሱን የሚቀልበው ጠፋ። ባለጋሪዎቹ ልጓሙን እያወለቁ ፈረሶቻቸውን መንገድ ላይ ይለቁ ጀመር። ልጓሙ ይሸጣል፤ ያረጀ ፈረስ የሚገዛ የለም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ውርጭ ጀርባቸው ላይ የነጣ ፈረሶች ዋናው መንገድ መሐል ቆመው አያቸዋለሁ። ሾፌሮች ጡሩምባ ሲነፉባቸው ጋሪ የሚጎትቱ እየመሰላቸው ትንሽ ወደ ፊት ይራመዱና መልሰው ይቆማሉ። ከተማው ሁሉ «ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ነው የጣላቸው!» እያለ በባጃጅ ያልፋቸዋል።

ከዚያ ማኅበሩ መጣ። የተጣሉ እንስሳትን ሰብስቦ፣ አክሞ፣ ለደግ ሰው የሚሰጥ ማኅበር ነው ተባለ። ከከተማው ዳር ሰፊ ግቢ ተከራይቶ በቆርቆሮ አጠረ፤ በሩ ላይ ውሻ፣ አህያና ፈረስ ተቃቅፈው የሚስቁበት ታፔላ ሰቀለ። እናቴ ወሬውን የሰማችው ገበያ ላይ ነው። የሰማችው ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«በነጻ ነው አሉ» አለችኝ።

አብረን ሄድን። የማኅበሩ አስተባባሪ ሁለት ጃኬት የደረበ፣ አንገቱን በሻርፕ የጠመጠመ፣ የመንዝን ብርድ እንደ ግል ጠላቱ የሚያይ ወጣት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ እናቴን አስቀመጣት።

«አንድ ፈረስ ስጠኝ ብዬ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አለችው።

«እማማ፣ እኛ እንስሳ አንሰጥም። በጉዲፈቻ ነው የምናስተላልፈው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጉዲፈቻ የልጅ አይደለም እንዴ?»

«ልክ እንደ ልጅ ነው» አላት እሱ፣ ደስ ብሎት።

በእኛ አገር በድሮው ሥርዓት የጡት ልጅ የሚይዝ ሰው ጣቱን ማር ቀብቶ ለልጁ ያስልሳል። እናቴ አውራ ጣቷን አውጥታ አየችው። «ታዲያ ማር ቀብቼ ላስልሰው?»

አስተባባሪው አልሳቀም። ማር አያስፈልግም፣ መስፈርት ግን አለን አለና ያነብላት ጀመር። ለእንስሳው ብቻ የሚሆን፣ ጣሪያው የማያፈስ ቤት፤ እስከ አዝመራ የሚያደርስ መኖ፤ ቀንም ሌትም የማይጎድል ንጹሕ ውሃ፤ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፤ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ መስማማታቸውን የሚገልጽ ፊርማ፤ ተነግሮም ሳይነገርም ለሚደረግ ጉብኝት በርን ክፍት ማድረግ። እናቴ እስከዚህ ድረስ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ቀጥሎ ያለው ላይ ግን መነቅነቋን አቆመች።

«እንስሳው ምንም ዓይነት ጭነት አይሸከምም፤ ጋሪ አይጎትትም፤ ለውቂያ አይገባም፤ ሰውም አይቀመጥበትም።»

«ታሞ ነው?»

«አይ፣ ድኗል።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ያርፋል፣ እማማ። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል፤ አሁን ጡረታው ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

አስተባባሪው በመስኮቱ ወደ ግቢው እያየ፣ አብዛኞቹ አሥርን ያለፉ መሆናቸውን ነገራት።

«እኔ ሰባን አልፌያለሁ» አለች እናቴ። «ለእኔ የሚመጣው ማኅበር የትኛው ነው?»

የልጁ ፊት ቀላ። እኔ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካሁት፤ እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ውሃውንስ ማን ያመጣለታል?»

«አሳዳጊው ነዋ።»

«በምን ተሸክሞ?»

ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባው ምንም አልተጻፈበትም።

ስንወጣ በግቢው በኩል አለፍን። አንዲት ዳማ ባዝራ ከሌሎቹ ተለይታ አጥሩን ተጠግታ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ የዳነ ቁስል ጠጉር ሳያበቅል ቀርቶ እንደ ካርታ ይታያል። እናቴ ስትጠጋት አንገቷን አስረዝማ ጋቢዋን አሸተተች፤ ጫፉ ላይ ቆሎ ተቋጥሮ ነበር። እናቴ ፈታችና ሰጠቻት። በኋላ ሰዎች «ባዝራዋ ራሷ መረጠቻቸው» ያሉት ይህንን ነው። የመረጠችው ቆሎውን ነው።

በመንገድ ላይ እናቴ ነገሩን ትተወዋለች ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰባት። የሚሰጧትን ነገር አንዴ የምትለምን፣ የሚከለክሏትን ግን እስኪሰጧት የማትተኛ ሴት ናት።

«አንቺን ስድርሽ እንኳ ይህን ሁሉ አልጠየቅሁም» አለች።

«ብትጠይቂ ጥሩ ነበር» አልኳት።

ከባሌ ከተለያየሁ ቆይቻለሁ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ስለ ዘሩና ስለ መሬቱ ተጠየቀ፤ ጠባዩን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሳይነገር መጥቶ በሬን የሚያንኳኳ ጎብኚም አልተመደበልኝም።

የቀበሌውን ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሊቀመንበሩ ለማዳበሪያ፣ ለብድር፣ ለመታወቂያ ደብዳቤ ጽፎ ያውቃል፤ ለፈረስ እናትነት ግን ጽፎ አያውቅም። በመጨረሻ ከድሮ ደብዳቤ ላይ ገልብጦ፣ «አመልካቿ በቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ ፈረስ ለመሆን የሚያግዳቸው ነገር የለም» ብሎ ማኅተም መታበት። ስህተቱን ሳሳየው ማኅተም የተመታበትን ማበላሸት አይቻልም አለኝ። እኔም እንዳለ አስገባሁት። ያነበበው ሰው ስለመኖሩ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ቀጥሎ እናቴን ማስጠናት ነበረብኝ። የማስተምራቸው ልጆች ለፈተና ሲያጠኑ እንዲህ አድክመውኝ አያውቁም።

«ለምን ፈለጓት ሲሉሽ፣ ስለምወዳት በዪ።»

«አላውቃትም እኮ! እንዴት ነው የምወዳት?»

«አንድ ጊዜ በዪው፤ ምን ይጎዳሻል?»

«አባትሽንም እንዲህ ብዬው አላውቅ» አለችና ጥጧን መፍተል ቀጠለች።

የጉብኝቱ ቀን አስተባባሪው ከእንስሳት ሐኪማቸው ጋር መጣ። ሐኪሟ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ብዙ የማታወራ ወጣት ሴት ነበረች። የእናቴ ቤት የድንጋይ ነው። ግማሹ ጓሳ ሣር የለበሰ የድሮው ቤት ሲሆን፣ ግማሹ አባቴ ከመሞቱ በፊት ቆርቆሮ ያለበሰው ክፍል ነው። ሣሩ አርጅቶ ያፈሳል፤ ቆርቆሮው አያፈስም። እናቴ በቆርቆሮው ክፍል ነበር የምትኖረው። እንግዶቹ ሲገቡ ግን እኔም እንደ እነሱ ገረመኝ፦ አልጋዋ ከዚያ ወጥቷል፣ መሬቱ ላይ ጭድ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ጥግ አንድ ትልቅ የውሃ ገንዳ ተቀምጧል።

አስተባባሪው ሜትሩን አውጥቶ ለካ፣ ጣሪያውን ሽቅብ አየ፣ ረካ።

«በጣም ጥሩ ነው። ለእንስሳው ብቻ የሚሆን ነው አይደል?»

«ለእሷ ብቻ ነው።»

«እርስዎስ የት ነው የሚተኙት?»

እናቴ በሣር ወደተከደነው ክፍል በአገጯ ጠቆመች። የወጣው አልጋ እዚያ ነበር፤ ሥሩ የጠብታ መቀበያ ሣህኖች ተደርድረዋል። ሐኪሟ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አስተባባሪው ግን «የአሳዳጊ መኝታ መስፈርቱ ውስጥ የለም» አለ፤ እያረጋጋት መሆኑ ነው።

«እኔም ቢኖር ኖሮ ገርሞኝ ነበር» አለች እናቴ።

አረቄ ቀዳችላቸው። ሐኪሟ ሥራ ላይ ነኝ አለች፤ አስተባባሪው ብርዱን አስታከከና ጠጣ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ለምን ፈለጓት ሲላት እናቴ እኔን አየችኝና፣ «ልጄ ስለምወዳት በዪ ብላኛለች» አለች። በኀፍረት ቀለጥኩ። ልጁ ግን «ስለሚወዷት» ብሎ ጻፈ። ውሃውን ማን ያመጣል አለ፤ እኔ በጀርባዬ አለችው፤ ያንንም ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ አይክፋዎትና፣ ለሁሉም ሰው የምንጠይቀው ነው። እርስዎ ድንገት ቢሞቱ እንስሳዋን ማን ይረከባታል?»

የእናቴ ጎረቤቶች፣ የንስሐ አባቷ፣ እኔም ልጇ ስለሞቷ እንዲህ በግልጽ ያነሳንባት ጊዜ የለም። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ደስ ያላት መሰለኝ።

«እሷ ትረከባታለች» አለች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። «መሬቱን ዘመዶች ይካፈሉታል፤ ይቺን ግን ለእሷ አውርሻለሁ። ጻፈው።»

እንዲህ ሆኜ እናቴ በሕይወት እያለች፣ ገና ያልተሰጠችን ባዝራ ወራሽ ሆንኩ። ፈረምኩም።

መልሱ በስልክ መጣ። አልተቀበሉንም። ምክንያቱ የአሳዳጊዋ ዕድሜና የውሃው ርቀት ነው ተባለ። «ለባዝራዋ ውሃው ሩቅ ነው» አለኝ አስተባባሪው፣ በጣም አዝኖ። ለእናቴ ሩቅ ስለመሆኑ ያለው ነገር የለም። ስነግራት አልጋዬን ወደ ቆርቆሮው ክፍል መልሺልኝ ብቻ አለችኝ። አልጋውን ስንገፋ ፊቷን አየሁት። ስቃ ማለፍ አቅቷት ነበር።

ባዝራዋ ከተማ ውስጥ ላለ አንድ ባለ ሆቴል ተሰጠች። ሰውየው የሲሚንቶ በረት ሠርቷል፣ ቧንቧ ስቦለታል፣ መኖ በመኪና አስመጥቷል። ማኅበሩ ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት አደረገ፤ ንግግርም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባዝራዋ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሎ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ አየናት። ሙሽራና ሚዜ እየተጠጋት ፎቶ ይነሳል። መስፈርቱ ተጥሷል ብዬ አስተባባሪውን መንገድ ላይ አስቆምኩት።

«አትሸከምም፣ አትጎትትም፣ ሰውም አልተቀመጠባትም» አለኝ። «ቆማ ነው ያለችው። መቆም ሥራ አይደለም።»

ይህን የሚለኝ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊት ለምቆመው ለእኔ ነው።

የሆቴሉን ነገር የጨረሰችው ራሷ ባዝራዋ ናት። አንድ እሁድ የሙሽራ አጀብ ጡሩምባ እያስጮኸ ሲገባ፣ አበባ የለበሰው የሙሽሮቹ መኪና ከኋላዋ መጥቶ ጆሮዋ ሥር ነፋባት። የመኪናውን በር በኋላ እግሮቿ መታችው። በሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሙሽራይቱ በሌላው በኩል ወጣች፤ አማቾቹ ተጣሉ። ባለ ሆቴሉ በማግስቱ ባዝራዋን ወደ ማኅበሩ ሰደዳት፤ «ጠባይዋ ለእንግዳ መቀበያ አይሆንም» አለ። ከተማው በሙሉ ሳቀ። እናቴ ወሬውን እንድደግምላት ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ በተለይ የአማቾቹን።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ስልኬ ጮኸ። አስተባባሪው ነበር፤ ድምፁ የተጣደፈ ነው።

«የእናትሽ ማመልከቻ ጸድቋል። ዛሬውኑ መምጣት ትችላላችሁ?»

«ዕድሜዋስ? ውሃውስ?»

«ፕሮጀክቱ አልቋል» አለኝ። «ግቢውን ነገ እናስረክባለን።»

ስንደርስ የቆርቆሮው አጥር ግማሹ ፈርሷል። ሰው ተሰልፎ እንስሳ ይቀበላል፤ የሚጠይቅ ሰው የለም። መታወቂያ እንኳ አይታይም። አንዱ ሰው አህያ ተቀብሎ ገና ከበሩ ሳይወጣ የማኅበሩን የተሰበሩ ጠረጴዛዎች ጫነባት፤ ጠረጴዛዎቹን የሸጠለት ራሱ ማኅበሩ ነው። ውሾቹን የፈለገ ስለሌለ በሩ ተከፈተላቸው፤ በሩ ጋ ተቀምጠው ቀሩ። የሚስቁት ሦስቱ እንስሳት ያሉበት ታፔላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሱንም አንድ ሰው ለዶሮ ቤት ጣሪያ ይሆነኛል ብሎ ወሰደው።

እናቴ አስተባባሪው ፊት ሄዳ ቆመች። በሁለቱ ጃኬቶቹ ውስጥ ያነሰ መሰለኝ።

«ቤቴን አታየውም?» አለችው።

«አይ፣ እማማ።»

«አልጋዬን መልሼ አስገብቼበታለሁ።»

«ችግር የለውም።»

«ብሞትስ?»

«እግዜር ያኑርዎት» አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር፤ እናቴ ግን የማሸነፍ ዕድል ሲገጥማት የምታቆም ሰው አይደለችም። ይህን ሁሉ መስፈርት ያወጣው ማን እንደነበር፣ አሁን የት እንዳለ፣ አህዮቹ ላይ ጠረጴዛ ሲጫን እንዳየ እንዳላየ ጠየቀችው። ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። ልጁ አንገቱ ላይ ያለውን ሻርፕ ይዞ ዞር አለ። እያለቀሰ ነበር። የመጨረሻው ወር ደመወዝ አልተከፈለንም ብላ ሐኪሟ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ለአህዮቹ የመጨረሻውን ጭድ የገዛው ከኪሱ ነው። እኔ እናቴን በክንዷ ያዝኳት። ክንዷን ነጠቀችኝ፤ ጥያቄውን ግን ተወችው። በኋላ ባዝራዋን በገመድ ይዘን ስንወጣ ተመልሳ ሄዳ የቀረውን ቆሎ እጁ ውስጥ ጨመረችለት። ይቅርታ አልጠየቀችውም። እናቴ በቆሎ እንጂ በቃል ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም።

በማግስቱ እናቴ ጀሪካኖቹን አስራ ባዝራዋን ወደ ምንጩ ይዛት ወረደች። ወረደች ማለት ልትወርድ ፈለገች ነው። ባዝራዋ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደልዳላ የከተማ መንገድ ላይ ነው። ድንጋያማው ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተከለች። እናቴ ጎተተች፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ፣ ጎረቤት ተጠራ። ቆሎ ታየ፣ አርጩሜ ታየ። ንቅንቅ የለም። ጎረቤትየው «ፍሬኗ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ እናቴ ዛሬም በጀርባዋ ታዝላለች፤ ቀድሞ ለአንድ፣ አሁን ለሁለት። ፈረስ የሚጠጣውን ያህል ውሃ የተሸከመ ያውቀዋል። ባዝራዋ አትሸከምም፣ አትጎትትም፣ ለውቂያ አትገባም፤ ማኅበሩ ከነመስፈርቱ አገር ለቆ ሲሄድ በመላው መንዝ ደንቡን ሳያጎድል የሚያከብር አንድ ቤት ቀርቶለታል። ሽጪያት ብያት ነበር። «ፈርሜባታለሁ» አለችኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ ስላት መስማት አልፈለገችም። ይልቅ ማታ ማታ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ባዝራዋን ስታወራት አግኝቻታለሁ። ስለምወዳት በዪ ያልኳት ቃል ግን እስከ አሁን ከአፏ አልወጣም።

የባዝራዋ ሆድ እየገፋ ሲመጣ መጀመሪያ የቦካ ገብስ በልታ ነው አልን። ሐኪሟ ከማኅበሩ ከወጣች በኋላ መሐል ሜዳ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፍታለች፤ አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር በእግሯ መጣች። ሆዷን ዳሰሰች፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፣ ከዚያ ግንባሯን ባዝራዋ ጎን ላይ አስደግፋ ሳቀች። ስትስቅ ያኔ ነው ያየኋት።

«በግቢው ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ነበር የምናሳድራቸው» አለች። «መስፈርቱ የወጣው ለአሳዳጊው እንጂ ለእኛ አልነበረም።»

እናቴ ጎንበስ ብላ የባዝራዋን ሆድ አየች፣ ቀጥላ የቤቷን በር፣ ቀጥላ እኔን።

«ሁለቱን የሚያስተኛ ቤት የለኝም እኮ» አለች፤ አነጋገሯ ግን የተቸገረ ሰው አነጋገር አልነበረም። ሐኪሟን ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብላ ያዘቻት። እኔን ደግሞ ሳምንት ስትመጪ ጭድ የሚያመጣ ሰው ፈልገሽ ነይ አለችኝና እሳቱን ልታነድ ገባች።